ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ጋር ግራፊክ ኖቭል አብሮ ማንበብ እንዴት ይቻላል?

ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ወላጁ በበኩሉ ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ ቢኖረውም ልጁ የሚወደውን ባለ 400 ገጽ ልብወለድ ለመጨረስ ጊዜውም ጉልበቱም የለውም። ሁለቱም ሳይተፋፈሩ አብረው ሊቀመጡበት የሚችሉት መጽሐፍ በእኔ አስተያየት ግራፊክ ኖቭል ነው፤ ይኸውም ታሪኩ በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ንግግሮች የሚነገርበት ሥዕላዊ ልብወለድ ማለት ነው። በአሜሪካ በተለይ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ለወጣቶች ከታተሙት መካከል በሁለት ባህል ውስጥ ስለሚያድጉ ልጆችና ስለ ወላጆቻቸው የሚተርኩት ጥቂት አይደሉም። እዚህ የማቀርበው አካሄድ ከ12 እስከ 18 ዓመት ለሚሆን ልጅ የታሰበ ሲሆን፣ በአንድ የሥራ ክፍፍል ላይ ይቆማል፦ ቃሉን ልጁ ያነባል፣ ሥዕሉን ወላጁ ያነባል።

ሥዕል ማንበብ የሕፃን ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ አዲስ አበባ ውስጥ በባህል ዕቃ መደብሮች የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚተርክ ሥዕል ያስታውስ። ሸራው ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች ይከፈላል፤ ታሪኩም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየተከተሉ የሚያዩት ነው። ግራፊክ ኖቭልም የሚነበበው እንደዚሁ ነው፤ ከጃፓን የሚመጣው ማንጋ የተባለው ሥዕላዊ መጽሐፍ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ግራ እንዳይገባዎት።

በመጀመሪያ መጽሐፉን ያግኙ። በአሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ካርድ ለነዋሪ በነፃ ይሰጣል፣ በአቅራቢያዎ ያለው ቅርንጫፍ መጽሐፉ ባይኖረው እንኳ ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጣልዎታል። የሚፈልጉት ክፍል «ያንግ አደልት» የተባለው፣ ማለትም የወጣቶች ክፍል ነው፤ የልጆች ክፍል ውስጥ ያለው በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት የተዘጋጀ ስለሆነ የ15 ዓመት ልጅዎን ያስቀይማል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሥዕላዊ መጻሕፍትን በመደርደሪያ ቁጥር 741.5 ሥር ይደረድራሉ። አማርኛ ያለበት ነገር ከፈለጉ ደግሞ ኢታን ኮሚክስ የተባለው የሥዕላዊ ታሪክ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይገኛል። ነገር ግን ጀምበር የልዕለ ኃያል ጀግና ታሪክ ነው፤ የቤተሰብን ጉዳይ አንሥቶ ለመነጋገር ከሌሎች መጀመር ይሻላል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ቃል የሌለው ቢሆን እመርጣለሁ። አውስትራሊያዊው ሾን ታን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው «ዘ አራይቫል» አንድም የሚነበብ ዓረፍተ ነገር የለውም። አንድ አባት ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል፤ በከተማው ያሉት ምልክቶች ሁሉ ሠዓሊው ራሱ በፈጠራቸው ፊደላት የተጻፉ ስለሆኑ አንባቢውም እንደ ስደተኛው መሃይም ሆኖ ነው የሚዞረው። እዚህ ላይ ልጅዎ ከእርስዎ የተሻለ ቋንቋ አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሰውየው የቤተሰቡን ፎቶግራፍ በጥንቃቄ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ሲከት ይታያል። እኛ ቤት ያነበብን ጊዜ ከዚያ ገጽ ሳናልፍ ነው ያመሸነው። ልጄ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ፤ እኔም እናቴ በሦስት ፌስታል ደራርባ ያሰረችው በርበሬ አውሮፕላን ውስጥ መሽተት ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሲያስነጥሱ ማደራቸውን ነገርኳት። በዚህ አገር 14 ዓመት ስትኖር ይህንን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ቃል ወዳለው መጽሐፍ ከመሄድዎ በፊት ብቻዎን ሩብ ሰዓት ወስደው ከዳር እስከ ዳር ያገላብጡት። ይህ ለቁጥጥር አይደለም፤ ልጁ ፊት ድንገት ደንግጠው መጽሐፉን እንዳይዘጉት ነው። ለምሳሌ የትሩንግ ሌ ንጉየን «ዘ ማጂክ ፊሽ»፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ ለዚህ ሥራ የተጻፈ የሚመስል መጽሐፍ ነው፤ ከቬትናም የመጣች እናትና አሜሪካ ያደገ ልጇ ከቤተ መጻሕፍት ተረት እያመጡ አብረው ያነባሉ። ሦስቱ ዓለሞች በቀለም ተለይተዋል፤ የዛሬው ኑሮ በቀይ፣ የእናትየው ያለፈ ዘመን በቢጫ፣ ተረቶቹ በሰማያዊ። የልጁ ጭንቀት ግን ወንድ የሚያፈቅር መሆኑን ለወላጆቹ የሚነግርበት የቬትናምኛ ቃል ማጣቱ ነው። ይህ ጉዳይ በብዙ ቤታችን የማይነሣ ስለሆነ፣ መጽሐፉን ለማንበብም ሆነ ለመተው የሚወስኑት አስቀድመው አውቀው ይሁን። በእኔ በኩል፣ ልጅ ለወላጁ የሚነግረው ነገር ኖሮ በወላጁ ቋንቋ ቃሉን ሲያጣ ምን እንደሚሆን እንደዚህ ያሳየ መጽሐፍ አላገኘሁም፤ ነገሩ ምንም ይሁን ምን የእኛም ልጆች የሚያጡት ቃል ስንት አለ።

አሁን አብራችሁ ተቀመጡ። መጽሐፉ በሁለታችሁ መካከል ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፤ ሶፋ ላይ ከሆነ አንዱ ይይዘውና ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ልጁ በየሣጥኑ ያለውን ንግግር በአማርኛ እያደረገ ያንብብልዎ፣ እርስዎ ደግሞ ንግግሩ ያልተናገረውን ከሥዕሉ ያውጡ፦ ማን ፊቱን አዞረ፣ ማን ከማን ራቅ ብሎ ቆመ፣ ግድግዳው ላይ ምን ተሰቅሏል። አማርኛው ይሰበራል፤ ልጄ አንድ ጊዜ አንዲት እናት ልጇን «ናፍቆኛል» እንድትል አድርጋ ተረጎመች፣ ሴትየዋ ለማለት የፈለገችው ግን «ናፍቀኸኛል» ነው። በዚያ ቅጽበት ማረም ታላቁ ስሕተት ነው። ገጹ እስኪያልቅ ይታገሡ፤ ከዚያ የእርስዎን ሥዕል የማንበብ ተራ ሲደርስ ትክክለኛውን ቃል በራስዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡት፣ ልጁ ራሱ ይሰማዋል። በአንድ ምሽት ከ15 ወይም ከ20 ገጽ በላይ መሄድ አያስፈልግም። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ የእርስዎም ጭምር።

እግረ መንገድዎን የወላጆቹ ቋንቋ በገጹ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይመልከቱ፤ የመጽሐፉ አቋም ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በብዙዎቹ መጻሕፍት የእናትና የአባት ቋንቋ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ግራና ቀኙ በማዕዘን ምልክት (< >) ይታጠራል፤ በአንዳንዶቹ በሌላ ቀለም ይጻፋል፤ በሌሎች ደግሞ ልጁ ያልገባው ንግግር ትርጉም በሌለው ጭረት ይሣላል። የማዕዘን ምልክት ባለበት ቦታ እናትየው አንደበተ ርቱዕ ናት፤ ምልክቱ ጠፍቶ በእንግሊዝኛ ስትናገር ዓረፍተ ነገሯ ያጥራል፣ ይሰባበራል። ይህንን ለልጅዎ በጣትዎ ያሳዩት፤ «የወላጆች ስብሰባ ላይ እኔም እንደዚህ ነኝ» ማለት ይበቃል፣ ማብራሪያ አይጨምሩ።

አንዳንድ ገጾች ያማሉ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ልጅ በምሳ ዕቃው ሽታ ያፍራል፣ በአባቱ አነጋገር ያፍራል፣ ስሙን ያሳጥራል። ወላጅ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሲደርስ «አየህ፣ ወላጁን የማያከብር ልጅ!» ለማለት ይቸኩላል፤ ያን ጊዜ ንባቡ አበቃ። ዝም ብለው ገጹን ይግለጡት። በዚህ በኩል ከሁሉ የሚከብደው የጂን ሉወን ያንግ «አሜሪካን ቦርን ቻይኒዝ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ በ2007 በአሜሪካ ለወጣቶች መጻሕፍት የሚሰጠውን የፕሪንትዝን ሽልማት ከግራፊክ ኖቭሎች ሁሉ ቀድሞ ያገኘ መጽሐፍ ነው። ሦስት የማይገናኙ የሚመስሉ ታሪኮች አሉት፤ በአንደኛው ውስጥ ቻይናውያንን ለማንቋሸሽ የተፈጠረውን ሥዕል ሁሉ በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ያከማቸ፣ ለማየት የሚዘገንን ሰው ይመጣል። ደራሲው ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ሦስቱ ታሪኮች መጨረሻ ላይ አንድ ሲሆኑ ምክንያቱ ይገለጣል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ከጀመሩ መሐል ላይ ማቆም አይገባም። ልጅዎ 16 ዓመት ከሞላው ደግሞ የቲ ቡዪን «ዘ ቤስት ዊ ኩድ ዱ» ይሞክሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የቤተሰብ ትዝታ ሲሆን፣ ደራሲዋ ልጅ ስትወልድ ጀምሮ ወደ ወላጆቿ የቬትናም ሕይወትና ስደት ወደኋላ ይሄዳል። ይህኛው ለአዋቂም ቀላል አይደለም።

ሣጥን ከሣጥን የሚለየውን ነጭ ክፍተት አይዝለሉት። አባት በአንዱ ሣጥን በር ላይ ቆሟል፣ በሚቀጥለው በሩ ተዘግቷል፤ መሐል ላይ የሆነውን አንባቢው ነው የሚሞላው። «እዚህ መሐል ምን ተባለ?» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከእናንተ ቤት የመጣ ስለሚሆን፣ የሰሙትን ይያዙ እንጂ «የኛን ነው የምትናገረው?» ብለው አያፋጥጡት።

ሁለት ወይም ሦስት መጽሐፍ ካለቀ በኋላ አንድ ገጽ ራሳችሁ ሥሩ። አንድ ነጭ ወረቀት በአራት ሣጥን ይከፈል፤ ርዕሱ ትንሽ ይሁን፣ ለምሳሌ እሑድ ለአያት የሚደወል ስልክ። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ጭንቅላት ክብ፣ እጅ መስመር ቢሆን ይበቃል። ልጁ የራሱን ንግግር በእንግሊዝኛ ቢጽፍ ይተዉት፣ አያትየው ግን በአማርኛ ይናገሩ። እዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ችግር ያመጣል፤ በእንግሊዝኛ ወደ አራት አጫጭር ቃላት ተበትኖ ንግግር በሚጻፍበት ጠባብ ክብ ውስጥ የሚደረደረው ነገር በአማርኛ «እጠብቅሻለሁ» የሚል አንድ ረጅም ቃል ሆኖ ክቡን ጥሶ ይወጣል። መፍትሔው መጀመሪያ ጽሑፉን መጻፍ፣ ከዚያ ክቡን በዙሪያው መሣል ነው። ቦታ ካጠረ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ ወደ ታችኛው መስመር ማውረድም ነውር አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎች መስመር ሲያልቅባቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። እስክሪብቶው ቀጭን ይሁን፤ ወፍራም ማርከር የ«ኳ»ን ቅጥያ ስለሚውጠው አያትየው «እንኳን» ማለታቸው ይሁን ሌላ አይለይም። ልጁ ሀውንና ሐውን ቢያሳስት እንዳለ ይለፍ። ወረቀቱ ሲያልቅ በስልክ ፎቶ ይነሣና በቫይበር ለአያት ይላክ፤ መልሳቸው በድምፅ ሲመጣ ለአምስተኛው ሣጥን የሚሆን ንግግር ተገኘ ማለት ነው።