ጅማ ላይ በፈተና ሳምንት ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ወይም የጤና ማስተርስ ተማሪ ከሆናችሁ ይህን ሳምንት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ራውንድ (በሽተኞችን እየዞሩ ማየት)፣ ማታ ዱቲ (የሌሊት ተረኝነት)፣ መሀል ላይ ፈተና። እኔም አልፌበታለሁ። ብዙዎቻችንን የሚጥለን ስንፍና ሳይሆን ድካም ነው፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሳይተኙ ማንጋት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቀን ያነበብነውን አእምሯችን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። አንዴ ሁለት ሌሊት በደንብ ሳልተኛ ለጽሑፍ ፈተና ተቀመጥኩ። «በስተቀር» የሚለውን ቃል ዘልዬ አንብቤ፣ በደንብ የማውቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ተሳሳትኩ። አሁንም ይቆጨኛል። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ተኙ። ዱቲ ከፈተናው ዋዜማ ላይ ከወደቀባችሁ መቀያየሩን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ በዋዜማው የሚቀይራችሁ አታገኙም።

ማታ ቡና፣ ከዚያ ጫት። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዉ አይባልም። ሰዓቱን ግን እወቁት። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ ነው። ከምሳ በኋላ ቢቀር ይሻላል። ጫት ደግሞ ምርቃናው ላይ ሁሉም የገባችሁ ያስመስላል፤ እንቅልፍ ነስቶ በማግስቱ ድብርቱን ይተውላችኋል።

ስላይድ ላይ ተጥዶ በሽተኛውን መርሳት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሎንግ ኬዝ፣ ማለትም አንድ በሽተኛ ጠይቆና መርምሮ ለፈታኝ የማቅረብ ፈተና፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ጅማ ላይ የሚደርሳችሁ በሽተኛ ከሰቃ ወይም ከሊሙ የመጣ፣ በአፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያወራ ሊሆን ይችላል። ለእኔ የደረሱኝ አንዲት እናት ነበሩ። እሳቸው ረጅም ነገር ተናገሩ፤ አስታማሚ ልጃቸው «ሆዷን ያማታል» ብላ በአጭሩ ተረጎመችልኝ። እኔም ሰዓቱ አስፈራኝና መልሼ አልጠየቅኩም። እግራቸው ማበጡን ያየሁት ፈታኙ ብርድ ልብሱን ሲገልጡት ነው። እናትየው ይህንኑ ነበር ሲነግሩኝ የቆዩት።

ስለዚህ «ማልቱ ኢሲን ዱኩባ?» (ምንዎን ያምዎታል?) ማለትን የመሰሉ ጥያቄዎችን ቀድማችሁ ተለማመዱ። አስታማሚዋን «እሳቸው ያሉትን ሁሉ ንገሪኝ» በሏት። ከእግር እስከ ራስ ገልጣችሁ እዩ። ከፈተናው በፊት ደግሞ ለጓደኛ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ኬዝ አቅርቡ። በልብ የምናውቀው ነገር አፍ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።

የድሮ ጥያቄ መልስ መሸምደድ። ጥያቄው ትንሽ ከተቀየረ ያበቃለታል። ስላይዱን ዝጉና በራሳችሁ ቃል አስረዱት፤ የጠፋባችሁን ብቻ ተመልሳችሁ አንብቡ።

ምግብም አትዝለሉ፤ ሽሮም ቢሆን በሰዓቱ ብሉ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ስልክና ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጋችሁ እደሩ።

ከፈተና ወጥቶ መልስ ማወዳደር። በር ላይ «አንተ ስንት ቁጥር ላይ ምን አልክ?» ሲባል አትቁሙ። የተሰጠ ወረቀት አይመለስም፤ ማወዳደሩ ግን የነገውን ፈተና ሊያበላሽባችሁ ይችላል። ምሳ በልታችሁ አንድ ሰዓት ጋደም በሉ፣ ከዚያ የነገውን አውጡ።