አውሮፓ ውስጥ ከልጆች ጋር ለሰመር የሚሆን ካምፒንግ እንዴት ይመረጣል

ልጆች ይዞ ኦገስት ላይ ሆቴል መግባት ዋጋው አይቀመስም፣ ሁለት ክፍል ያዙ ይሏችኋል፣ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ሲሮጡ ደግሞ ሰው ይቆጣል። ካምፒንግ፣ ማለትም ድንኳን ተክላችሁ ወይ ትንሽ ቤት ተከራይታችሁ የምታድሩበት ግቢ፣ በዚህ በኩል ግልግል ነው። ችግሩ ሁሉም ካምፒንግ ፎቶው ላይ ያምራል፣ ስላይዱ፣ ሰማያዊ ውሃው፣ የሚስቀው ልጅ። እኔ የምለው ፎቶውን ከማየታችሁ በፊት ትንሹን ልጃችሁን አስቡ፣ ቀን የት ይጫወታል፣ ከሰዓት የት ይተኛል፣ ሌሊት ሽንቱ ሲመጣ ምን ያህል ይሄዳል። ትልልቆቹ እንደሆነ የትም ይጫወታሉ።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት 20 አካባቢ ዋጋው ጣራ ይነካል፣ ጣሊያን ደግሞ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ስለሆነ አገሩ በሙሉ ወደ ባህር ይወርዳል። ጀርመን ባቫሪያና ባደን ቩርተምበርግ የምትኖሩ እድለኞች ናችሁ፣ ትምህርት የሚጀመረው ሴፕቴምበር አጋማሽ አካባቢ ነው። ቤታችሁ ፍልሰታ የሚጾም ከሆነ ጾሙ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ እሱ ከተፈታ በኋላ ብትወጡ ዋጋው እየወረደ፣ ውሃው ገና ሞቆ፣ ልጆቹም አይስክሬም እያዩ አይቸገሩም። ኤሲኤስአይ የሚባለው የሆላንድ ድርጅት የካምፒንግ ካርድ ይሸጣል፣ ከፒክ፣ ማለትም ዋጋው ጣራ ከሚነካበት ወቅት፣ ውጪ ጥሩ ቅናሽ አለው፣ ዋናው የኦገስት ግርግር ላይ ግን ብዙም አይጠቅምም።

ቀጥሎ ቦታውን በውሃው ምረጡ፣ ይሄ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዋና የማይችሉ ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ሰሜን ጣሊያን አድሪያቲክ ላይ፣ ቬኒስ አጠገብ ያለው ካቫሊኖ ትሬፖርቲ ወይ ቢቢዮኔ፣ አሸዋ ነው፣ ውሃውም ገብታችሁ ገብታችሁ ጉልበት ላይ ነው የሚደርሰው። ክሮኤሺያ ኢስትሪያ ውሃው ጠርቶ ታች ድረስ ይታያል ግን ዳርቻው አብዛኛው ድንጋይና ጠጠር ነው፣ የውሃ ጫማ ሳትገዙ እንዳትሄዱ፣ ሶስት ዓመት ልጅ ደግሞ እዛ ላይ ምን አሸዋ ይቆፍራል? የፈረንሳይ አትላንቲክ በተለይ ላንድ የሚባለው አካባቢ ጥዱም አሸዋውም ያምራል፣ ማዕበሉ ግን አይቀለድበትም፣ ወደ ውስጥ የሚስብ ውሃ አለው፣ በባንዲራ ከተከለለውና ጠባቂ ካለበት ቦታ ውጪ ልጅ አይገባም። ዴንማርክ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ለልጅ ግን ተንከባክበው ነው የሚሰሩት፣ ብዙ ካምፒንግ ላይ መሬት ላይ የተዘረጋ ትልቅ መዝለያ ባሉን አለ፣ ቢሉንድ ያለውን ሌጎላንድም አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እግረ መንገዴን፣ ክሮኤሺያ ስትፈልጉ ኤፍካካ (FKK) ወይ ናቱሪስት የሚል ጽሁፍ ካያችሁ ሰዉ ራቁቱን የሚውልበት ካምፒንግ ነው። እዛ አገር ብዙ አለ፣ ትልልቅና ንጹህ ናቸው፣ ሰው የሚጽፍላቸው ሪቪውም አሪፍ ነው፣ ከአያት ጋር ለመሄድ ያሰባችሁ ግን ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ደግማችሁ አንብቡ።

ሶስት አራት ቦታ ከያዛችሁ በኋላ ጎግል ማፕ ላይ ሳተላይቱን ክፈቱ። ዛፍ አለ ወይስ ገላጣ ሜዳ ነው? ደቡብ አውሮፓ ጥላ የሌለው ድንኳን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ምድጃ ነው፣ ልጅ ቀን አይተኛበትም። ሀይዌይ ወይ የባቡር ሀዲድ ቅርብ እንዳለ እዩ፣ ባህር ዳርቻ ላይ ነን የሚሉት በመሀል መኪና መንገድ እንዳለም እዩ። ከዛ የካምፒንጉን ፕላን አውርዳችሁ መታጠቢያ ቤቱን፣ መጫወቻውንና ማታ ሙዚቃ ያለበትን ባር ፈልጉ፣ ከመታጠቢያው ቅርብ ግን በሩ ላይ ያልሆነ፣ ከባሩ የራቀ ቦታ ስጡን ብላችሁ በኢሜል ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ይተባበራሉ።

ፑሉን በተመለከተ የልጆች ፑል ለብቻው ነው ወይ፣ አጥር አለው ወይ፣ ጠባቂ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ጠባቂ የሌለው ካምፒንግ ሞልቷል። ፈረንሳይ ለወንድ ሰፊ ቁምጣ አብዛኛው ፑል ላይ አይፈቀድም፣ ጠበቅ ያለውን የዋና ሱሪ ግዙ፣ አባትየውም ጭምር።

ስለ ኮከብ፣ ፈረንሳይ ካምፒንጎች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣቸዋል፣ ለ5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ኮከቡ የሚነግራችሁ ምን ምን አገልግሎት እንዳለ ነው፣ ልጃችሁ እንቅልፍ ይተኛ እንደሆነ አይነግራችሁም። ሪቪው ስታነቡ ካለፈው ጁላይና ኦገስት የተጻፈውን፣ ቤተሰብ የጻፈውን፣ የሆላንድና የጀርመን ሰው የጻፈውን አስተርጉማችሁ አንብቡ፣ እነሱ ሽንት ቤቱ በቀን ስንቴ እንደሚጸዳ ሳይቀር ይጽፋሉ።

አሁን ወደ ምግቡ። የቦታው መብራት ስንት አምፔር እንደሆነ እዩ። 6 አምፔር ማለት 1380 ዋት አካባቢ ነው፣ ተራ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ 2000 ዋት ስለሚወስድ ይቆረጣል፣ ምጣድማ አትሞክሩት። እንጀራውን ጋግራችሁ ያዙ፣ ወጡን አቀዝቅዛችሁ በኩለር፣ ቡናውን በጋዝ። ከሰል ግን በደቡብ ብዙ ቦታ በእሳት ምክንያት ክልክል ነው፣ እውነታቸውን ነው፣ ጁላይ 2022 ፈረንሳይ ፒላ የሚባለው የአሸዋ ክምር ስር የነበሩ ካምፒንጎች በጫካ እሳት ተቃጥለዋል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሌሊት ወጥቷል። ስለዚ እጣኑንም ለቤት አቆዩት።

ህጉንም አንብቡ። ጀርመንና ጣሊያን ብዙ ካምፒንግ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ጸጥታ ነው፣ በሩ ለመኪና ይዘጋል፣ በዛ ሰዓት ከደረሳችሁ የተራበ ልጅ ይዛችሁ ውጪ መጠበቅ ነው። ዋጋው ላይ ደግሞ የቱሪስት ታክስ፣ አንሶላ፣ የመጨረሻ ጽዳት ለብቻ የሚጨመርበት ብዙ ነው፣ ጠቅላላውን ደምራችሁ አወዳድሩ።

ወረቀት በኩል፣ ከሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድና የሚሰራ ፓስፖርት ያለው ሰው ሌሎቹ የሼንገን አገሮች ለእረፍት መሄድ ይችላል፣ ክሮኤሺያም ከ2023 ጀምሮ ገብታለች። የልጆቹንም ኦሪጅናል ያዙ፣ ካምፒንጉ ስትገቡ ይጠየቃል።

ሞባይል ሆም፣ ማለትም ካምፒንጉ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚከራየውን ትንሽ ቤት፣ የምትፈልጉ ከሆነ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ ያዙ፣ በፒክ ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚከራየው። ድንኳን ላለው ሰው ቀለል ይላል፣ ለጥቂት ቀንም ይሰጣሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ልጅ ቢታመም እስከ ስንት ቀን ድረስ ብሩ ይመለሳል የሚለውን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሁፍ ያዙ።