አስም፦ በልኬት ማረጋገጥ፣ በትክክል መሳብ

ሳል ብቻውን አስም አያሰኝም። የሚጠረጠረው ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር እየመጡ ሲሄዱ፣ በተለይ ሌሊትና ንጋት ላይ ሲብሱ ነው። ማረጋገጫው ልኬት ነው። በስፓይሮሜትሪ (በኃይል የሚወጣን ትንፋሽ በሚለካ ምርመራ) ከተለካ በኋላ ሳልቡታሞል የተባለው የአየር ቧንቧ ከፋች መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይደገማል። በአዋቂ ላይ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ምርመራውን ያጠናክራል። ከተቻለ ልኬቱ ሕክምና ሳይጀመር ይሁን፤ ስቴሮይድ ከተጀመረ ልዩነቱ ይጠባል።

ሳልቡታሞል የተጣበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) አይነካም። ብግነቱን የሚያበርደው የሚሳበው ስቴሮይድ ነው። ወጣቶች ደህና ሲሆኑ የሚተዉትም እሱኑ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ደህና ያደረጋቸው እሱ ነው።

«መድኃኒቱ አልሠራም» ሲባል መጀመሪያ አወሳሰዱን ይዩ። ፓፉን (የሚሳበውን መድኃኒት የያዘውን መንፊያ) በደንብ ይነቅንቁ፤ ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያስወጡ፤ የመንፊያውን አፍ በከንፈርዎ ግጥም ያድርጉ። መሳብ ሲጀምሩ አንዴ ተጭነው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ በዝግታ ይሳቡ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ያህል ይያዙት። በጥድፊያ ከተሳበ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር (በመንፊያውና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ይህን ያቃልላል፤ ግን ሁለት ፓፍ (ሁለት ጭነት) አንድ ላይ አይጫኑበት። ከስቴሮይድ በኋላ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

ትንፋሽ አጥሮ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ ወይም ከንፈር ከጠቆረ፣ ሳልቡታሞል በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ አንድ በአንድ እየሳቡ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።