አዲስ ሕንፃ ላይ ቤት ለምትፈልጉ፦ «ሁለት ወር ነፃ» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሦስት ሰው ያዘኝ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚከራይ ቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለችው የሜሪላንድ ከተማ)፣ አዲስ ሕንፃ፣ ሜትሮ ባቡር አጠገብ፣ ረከስ ያለ። አንደኛው አሜሪካ ከመጣ ገና አምስት ሳምንቱ ነው። እኔ ደላላ አይደለሁም። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ።

አዲስ መጤ ክሬዲት፣ ማለትም ዕዳን በጊዜው የመክፈል ታሪክ፣ የለውም። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ደግሞ ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ፔይስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ሳይኖራችሁ በየሕንፃው የማመልከቻ ገንዘብ እየከፈላችሁ አትዙሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ዲፖዚት (የመያዣ ገንዘብ) በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ቤቱን ሳያሳያችሁ «ዜል አድርጉልኝ» (በስልክ ገንዘብ ላኩልኝ) የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌባ ነው፤ አለቀ።

አሁን እኔ የተበላሁበትን ልንገራችሁ። ማስታወቂያው 1,750 ዶላር ይላል። ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ የተጻፈው ግን 2,100 ነው። «ይሄ ምንድነው?» ስላት የሕንፃው ቢሮ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ «ሁለት ወር ነፃ ስለሆነ ሲካፈል 1,750 ይመጣል» አለችኝ። ሒሳቡ ልክ ነው። አሥር ወር 2,100 ከፍለህ ለአሥራ ሁለት ስታካፍለው 1,750 ነው። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ፤ ነፃ በተባሉት ሁለት ወራት የተረፈኝን ብር ሶፋና ቴሌቪዥን ገዛሁበት። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የእድሳት ደብዳቤ መጣ፤ 2,205። «አምስት ፐርሰንት ብቻ ነው የጨመርነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የጨመሩት ግን በ2,100 ላይ ነው። ለእኔ በወር 455 ዶላር ጭማሪ ነበር። ልውጣ ብል ሶፋው፣ መኪና መከራየት፣ አዲስ ዲፖዚት። ከሊዙ መሀል ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ ከወጣህ «ነፃ» የተባለውን ሁለት ወር መልስ የሚል አንቀጽ አለ። እሱን ያነበብኩት ከፈረምኩ ከአሥር ወር በኋላ ነው። በዚያ ላይ የቆሻሻ፣ የፓርኪንግ፣ የጂም ክፍያ አለ። ጂሙ ውስጥ የገባሁት ሁለቴ ነው፤ አንዱን ጊዜ ስልኬን ረስቼ ስመለስ።

«ካውንቲው የኪራይ ጣሪያ አውጥቷል አይደል?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎሞሪ ካውንቲ ከ2024 ጀምሮ በዓመት ከ6 ፐርሰንት በላይ መጨመር ከልክሏል። አዲስ ሕንፃ ግን ለ23 ዓመት ይህ ሕግ አይነካውም! ዲሲም ያው ነው፤ ከ1975 በኋላ የተሠራውን የኪራይ ቁጥጥሩ አይነካውም። ስለዚህ የምታብረቀርቀዋ ሕንፃ ላይ የኪራይ ጣሪያ የለም። አንድ መከላከያ አለ፤ ሞንትጎሞሪ ውስጥ አከራዩ የሁለት ዓመት ሊዝ አማራጭ ማቅረብ አለበት። እነሱ አያነሱትም፤ እናንተ ጠይቁ። የሁለተኛውን ዓመት ኪራይም በቁጥር አስጽፉ።

በእውነት ረከስ ያለ አዲስ ቤት የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ ኤምፒዲዩ (MPDU) የሚባለው የካውንቲው የቅናሽ ቤት ፕሮግራም ነው። ካውንቲው ከ1974 ጀምሮ ትልልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሁሉ የተወሰኑትን ቤቶች መካከለኛ ገቢ ላላቸው በቅናሽ እንዲያከራይ ያስገድዳል። ለኪራይ የምታመለክቱት እዚያው ሕንፃው ቢሮ ነው። በስሙ ካልጠራችሁት ማንም አይነግራችሁም። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ ወረፋ አለው። ያው ፔይስታብ፣ ያው የባንክ ወረቀት በየቦታው፤ ተራችሁ ሲደርስ ደግሞ «አርጅቷል፣ አዲስ አምጡ»። ያናድዳል፣ ግን ስልካችሁን አንሱ! አንድ የማውቀው ልጅ ተራው ደርሶ ሲደወልለት የማያውቀው ቁጥር ነው ብሎ ዘጋው።

ዲሲ ከሆናችሁ የእነሱ የቅናሽ ቤት ፕሮግራም አይዜድ (IZ) ይባላል፤ መጀመሪያ የገለጻ ትምህርት መውሰድ፣ ከዚያ መመዝገብ፣ ከዚያ ዕጣ። እዚያ የመንግሥት ቢሮ ስትሄዱ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ ከ2004 ጀምሮ በሕግ መብታችሁ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት አታስቀሩ።

የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ዓመት የሰው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ወይም አሮጌ ሕንፃ ላይ አሳልፉና ክሬዲት ሥሩ። ምንጣፉ ያረጀ ይሆናል፣ አሳንሰሩም ይቆማል። «አይ፣ እኔ አዲሱን ነው የምፈልገው» ካላችሁ ሊዙን ሳትፈርሙ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ አነብላችኋለሁ። ከፈረማችሁ በኋላ ግን አትደውሉልኝ።