በሩ ተከፈተ ማለት ጋዜጠኛ ገባ ማለት አይደለም፦ የሰብዓዊ መብት ጉብኝትን ሲዘግቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ የዜና ክፍሎች የሚሳሳቱት ገና ጉብኝቱ ሳይጀመር ነው። መንግሥት ለሰብዓዊ መብት ልዑክ ፈቃድ ሰጠ ሲባል ለጋዜጠኛም የሰጠ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባችሌት በቻይና ሺንጂያንግ ግዛት ካሽጋርንና ኡሩምቺን ሲጎበኙ የውጭ ጋዜጠኞች አብረዋቸው አልነበሩም። ኮሚሽነሯ ራሳቸው ጉዞው ምርመራ እንዳልሆነ ተናግረዋል። እንዲህ ያለውን ጉዞ «ምርመራ» ብሎ መዘገብ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዘግይቶ መጠየቅ ነው። የተመድ ልዩ ራፖርተሮች፣ ማለትም ድርጅቱ የሰብዓዊ መብት ሁኔታን እንዲያጣሩ የሚሾማቸው ገለልተኛ ባለሙያዎች፣ ከመጓዛቸው በፊት እንደ ልብ የመንቀሳቀስ፣ ምስክሮችን ያለ ተቆጣጣሪ የማነጋገር፣ ያነጋገሯቸውም ሰዎች የበቀል እርምጃ እንዳይደርስባቸው ዋስትና የማግኘት መብት እንዲከበርላቸው ይጠይቃሉ። ከመገናኛ ብዙኃን ጋር መገናኘትም በዚያው ውስጥ አለ፤ ጋዜጠኛን አስከትሎ መግባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛ ይግባ የሚለው ጥያቄ መቅረብ ያለበት የጉብኝቱ ድርድር ሳይቋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ አባል የነበሩት ክሪስ ዴቪስ በህንድ ሥር ወዳለችው ካሽሚር ሲጋበዙ፣ ያለ ፖሊስና ያለ ወታደር አጀብ፣ ከነጻ ጋዜጠኞች ጋር ልንቀሳቀስ ብለው ጠየቁ፤ ግብዣው ተሰረዘባቸው። ከማንኛውም የጉብኝት ፎቶግራፍ ይልቅ ያ መሰረዝ ስለ ጉዞው ብዙ ይናገራል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከፋው ነው፤ ሰውን በአጃቢ ፊት መጠየቅ። «ኑሮ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ባለሥልጣኑ ከጎኑ ቆሞ ሳለ፣ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። እውነቱን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ይቀራል። ሌላውን መልስ ከመረጠ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ እንጂ ጋዜጠኛው አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2008 ቻይና የውጭ ጋዜጠኞችን ወደ ቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ስትወስድ፣ በጆካንግ ቤተ መቅደስ መነኮሳት መርሐ ግብሩን ሰብረው እያለቀሱ ብሶታቸውን ጮኹ። ጋዜጠኞቹ በማግስቱ ሄዱ፤ መነኮሳቱ እዚያው ቀሩ። ስለዚህ ፊት የሚታይበትን ምስል፣ ስምን፣ የሠፈርን ምልክት፣ በስልክ ውስጥ የተቀመጠውን ቁጥር ሁሉ ከመግባት በፊት ማሰብ ያስፈልጋል። ለመጠየቅና ለመቀረጽ ፈቃዱን የሰጠው ሰው እንኳ አደጋውን በሙሉ አይቶ ላይሆን ይችላል። ማንን ለማነጋገር እንደሞከሩ ለአጃቢው መንገርም በፍጹም አይገባም።

ገደቡን በዘገባው ግርጌ መሸሸግም ስህተት ነው። መንገዱን ማን መረጠ? አስተርጓሚው የማን ነው? የት እንዳንሄድ ተከለከልን? ይህ በመግቢያው ላይ ይጻፍ።

የመጨረሻው ስህተት ልዑኩ አውሮፕላን ሲሳፈር ማስታወሻን መዝጋት ነው። ባችሌት የሥልጣን ዘመናቸው ሊያበቃ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ኦገስት 31 ቀን 2022፣ መሥሪያ ቤታቸው ስለ ሺንጂያንግ ያወጣው ሪፖርት በዚያ በኡይጉርና በሌሎች ሙስሊም ማኅበረሰቦች ላይ የተፈጸሙት ድርጊቶች በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጸ። ይህ የሆነው ከጉብኝቱ ሦስት ወር በኋላ ነው።