ሽንኩርቱ ምን ነካው? ከምልክቱ እስከ ተፈቀደው መድኃኒት

ሽንኩርት ሲታመም ቀድሞ የሚናገረው ቅጠሉ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቅጠሉ ሳይነበብ ወደ መድኃኒት ይሮጣል። በኦርጋኒክ እርሻ ይሄ ችኮላ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ለሌላ በሽታ የተሠራ መድኃኒት ተረጭቶ ገንዘብ ይባክናል። የተረጨው ነገር ያልተፈቀደ ከሆነ ደግሞ ዓመታት የተለፋበት የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት ይሄዳል። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ቅጠሉ ላይ ብር የመሰለ ጭረት ወጣ፣ ጫፉም ደረቀ

አንድ ተክል ንቀሉ። አዲሱ ቅጠል ብቅ በሚልበት አንገቱ ላይ ቅጠሎቹን በአውራ ጣት ፈልቀቅ አድርጉ። ከ2 ሚሊሜትር ያነሱ፣ ቢጫ ገለባ የሚመስሉ ነገሮች ወደ ስንጥቁ ሲሸሹ ካያችሁ ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። አጠገባቸው ያሉት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ኩሳቸው ናቸው። ብርማው ቀለም የሚመጣው የቅጠሉን ህዋስ ወግተው ፈሳሹን ስለሚመጥጡት ነው፤ ባዶው ህዋስ አየር ይሞላና ያብለጨልጫል።

ትሪፕስ ሙቀትና ድርቀት ይወዳል። ግን እኛም እናግዘዋለን። ናይትሮጅን ሲበዛ የትሪፕሱም ቁጥር እንደሚጨምር የመስክ ሙከራዎች አሳይተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ማዳበሪያውን መመጠን ነው። ሁለተኛው በረድፎቹ መካከል ገለባ ማንጠፍ ነው። ከላይ የሚወርድ የመስኖ ውሃም ትሪፕሱን ያጥበዋል፤ ግን ቅጠሉን ስለሚያረጥበው ለፈንገስ በር ይከፍታል። እኔ ከሁለቱ ገለባውን እመርጣለሁ።

ከመርጨት በፊት ቁጠሩ። ከተለያየ ቦታ 20 ያህል ተክሎች ላይ ትሪፕሱን ቆጥራችሁ ለቅጠሎቹ ቁጥር አካፍሉ። በሽንኩርት ምርምር ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መነሻ በአንድ ቅጠል በአማካይ ከ1 እስከ 3 ትሪፕስ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ትንሽ ታገሱ።

ከዚያ በላይ ከሆነ ኦርጋኒክ ገበሬ እጅ ላይ ካሉት ጠንካራው ስፒኖሳድ ነው። የሚገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከኒም ዛፍ የሚገኙ ውጤቶች ደግሞ እጩን እንዳያድግ ያደርጋሉ፤ ዝግ ብለው ስለሚሠሩ ተባዩ ከበዛ በኋላ ብዙ አትጠብቁባቸው። ስፒኖሳድን ደጋግሞ መርጨት ትሪፕሱን ያለማምደዋል፤ ከሌላ ጋር አፈራርቁት። ፈሳሹ ሳይደርቅ ንብ ካገኘው ይገድላታል፤ አመሻሽ ላይ ርጩ።

ረጨሁ፣ ግን ምንም ለውጥ የለም

ይሄን ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። መድኃኒቱን ከመክሰሳችሁ በፊት አንድ ጠብታ ውሃ ቅጠሉ ላይ ጣሉ። ድብልብል ብላ፣ ተንከባላ ትወርዳለች። የሽንኩርት ቅጠል ሰም የለበሰ ነው፤ ቀጥ ብሎም ይቆማል። ትሪፕሱ ደግሞ አንገቱ ውስጥ ተደብቋል፣ እንቁላሉም ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው። እንዲህ ሆኖ የተረጨው በአብዛኛው አፈር ላይ ይቀራል።

መፍትሔው በቂ ውሃ፣ አንገቱ ላይ ያነጣጠረ አረጫጨትና ጠብታውን የሚያጣብቅ ረዳት ፈሳሽ ነው። እንቁላሉ ሲፈለፈል ለማግኘትም በሌብሉ (ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው መመሪያ) ላይ ባለው የቀን ልዩነት ድገሙት።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ያደርግበታል። የዕቃ ማጠቢያ ዲተርጀንት ለተባይ መከላከያ ከተፈቀደው ሳሙና ጋር አንድ አይደለም። መድኃኒቱ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ የተጨመረው ጠብታ ማሳውን ሰርተፊኬቱን ሊያሳጣው ይችላል። ማጣበቂያውም እንደ መድኃኒቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ወጣ

ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። መሃሉ ሐምራዊ ሆኖ እንደ ዒላማ ቀለበት በቀለበት ከሆነ ፐርፕል ብሎች የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ይበረታል፣ ትሪፕስ ባቆሰለው ቅጠልም በቀላሉ ይገባል። በማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ስታዩት ግራጫ ወይም ወይናማ ጸጉር የለበሰ የገረጣ ሞላላ ቦታ ከሆነ ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው በሽታ ነው፤ እሱ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል። ለሁለቱም ተክሉን አራርቆ መትከል፣ ረድፉን በነፋሱ አቅጣጫ ማድረግና ቅጠሉን ሌሊት እርጥብ አለማሳደር ከመድኃኒት ይቀድማል። መዳብ ያለባቸው ውጤቶች ይከላከላሉ እንጂ የገባውን አያድኑም። መዳብ አፈር ውስጥ ይከማቻል። ለዚህም ነው የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎግራም እንዳይበልጥ የወሰነው።

ሦስተኛው ገለባማ ቀለም ያለው፣ የአልማዝ ቅርጽ የመሰለ ነጠብጣብ ነው። ይሄ አይሪስ የሎ ስፖት የተባለው ቫይረስ ሲሆን የሚያዛምተው ትሪፕስ ነው። መድኃኒት የለውም። ትሪፕሱን ቀንሱ፣ ካለፈው ወቅት የቀረ በራሱ የበቀለ ሽንኩርት ንቀሉ፣ የተጣለ ሽንኩርት ማሳ ዳር አትከምሩ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ተክሉ ሲሳብ በቀላሉ ተነቀለ

ሥሩን ተመልከቱ። መቀመጫው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩም ከመርፌ ራስ ያነሱ ጥቁር ፍሬዎች ካሉ ነጭ አበስባሽ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። እነዚያ ጥቁር ፍሬዎች ሽንኩርት ባይተከልም አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ለ3 ወይም 4 ዓመት ሰብል ማፈራረቅ ብቻውን አያጠፋቸውም።

ምርምሩ ግን አንድ ደስ የሚል መንገድ አግኝቷል። ፍሬዎቹ የሚነቁት ከሽንኩርት ዘመዶች ሥር የሚወጣ የድኝ ሽታ ሲደርሳቸው ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሽታ በነጭ ሽንኩርት ዱቄት ወይም ጭማቂ ባዶ ማሳ ላይ ሰጧቸው። ፍሬዎቹ ይበቅላሉ፣ የሚበሉት ተክል አያገኙም፣ ይሞታሉ። የሚሠራው አፈሩ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ነው። ሁሉንም አይጨርሳቸውም፤ ቁጥራቸውን ግን ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የታመመ ማሳ ላይ የዋለ መሣሪያና ጫማ ሳይታጠብ ጤነኛው ማሳ አይግባ።

ሻጋታው ጥቁር ፍሬ ሳይኖረው ነጭ ወይም ሮዝማ ከሆነና አፈሩ ሞቃት ከሆነ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ነው። ለእሱ ማፈራረቁ ይረዳል፤ ቢያንስ 4 ዓመት ስጡት።

ሽንኩርቱ ራስ አልያዘም፣ ወይም አበባ አወጣ

ይሄ በሽታ አይደለም። ሽንኩርት ራስ የሚይዘው በቀኑ ርዝመት ነው። የረጅም ቀን ዝርያ 14 ሰዓት ገደማ ብርሃን ይፈልጋል፤ ያን የማያገኝ ቦታ ከተዘራ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አበባ የሚያወጣው ደግሞ ችግኙ ከእርሳስ ከወፈረ በኋላ ለሳምንታት ብርድ ሲያገኘው ነው። የዝርያ ምርጫንና የመትከያ ጊዜን የሚተካ መድኃኒት የለም።

መድኃኒቱ “ተፈጥሯዊ” ይላል፤ ይፈቀዳል?

ተፈጥሯዊ ማለት የተፈቀደ ማለት አይደለም። ትንባሆ ከተፈጥሮ የመጣ ነው፤ ኒኮቲን ያለበት የትንባሆ ውጤት ግን በአሜሪካ የኦርጋኒክ ሕግ ክልክል ነው። ዋናው ንጥረ ነገር ተመሳሳይ መሆኑም አይበቃም። ሁለት ጠርሙስ ስፒኖሳድ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ውስጥ ያለው ረዳት ንጥረ ነገር የተፈቀደ ነው፣ የሌላው አይደለም። የሚመረመረው ምርቱ በሙሉ ነው።

ኦምሪ የሚባለው ከ1997 ጀምሮ የሚሠራ የአሜሪካ ተቋም እንዲህ ዓይነት ምርቶችን መርምሮ ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ግን “ሕጉን አይጥስም” ማለት እንጂ “ትሪፕስ ይገድላል” ማለት አይደለም። ገዳይነቱን የሚነግራችሁ የመስክ ሙከራ ነው። መድኃኒቱ በአገሩ መመዝገቡን፣ ሽንኩርትም ሌብሉ ላይ መኖሩን ለየብቻ ማረጋገጥ አለባችሁ። የመጨረሻው ቃል ደግሞ የማረጋገጫ ሰጪያችሁ፣ ማለትም የኦርጋኒክ ሰርተፊኬቱን የሚሰጣችሁ አካል፣ ነው። በአሜሪካ የኦርጋኒክ ሕግ መድኃኒት የሚረጨው መከላከያው ካልበቃ ብቻ ነው። የቆጠራችሁት ትሪፕስና ያነጠፋችሁት ገለባ መዝገብ ላይ ካለ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ፍጉም እንደዚሁ ነው። በዚያው ሕግ ያልበሰለ ፍግ አፈር የሚነካ ሰብል ላይ ከዋለ እስከ መከር ቢያንስ 120 ቀን መቆየት አለበት፤ ሽንኩርት ደግሞ አፈር ውስጥ ነው።

ጠርሙሱን ሳትከፍቱ ለማረጋገጫ ሰጪው ይህን ጻፉ፦ “ሽንኩርቴ ላይ በቅጠል በአማካይ ይህን ያህል ትሪፕስ ቆጥሬያለሁ። ገለባ አንጥፌያለሁ፣ ናይትሮጅን ቀንሻለሁ። ይህን ምርት ከዚህ ማጣበቂያ ጋር መርጨት እፈልጋለሁ። የሁለቱም ሌብል ፎቶ ተያይዟል። ይፈቀዳል?” መልሱ በጽሑፍ ይምጣላችሁ። እስኪመጣ ድረስ ቆጠራውን ቀጥሉ።