ጠዋት የሚንገጫገጭ፣ ረፋድ ላይ የሚሻለው መኪና፦ አየር የሚስብበትን ቦታ እንዴት እንደምታገኙት

የሱሉልታ ብርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌላ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያድራል። የኔ የ2004 ሞዴል ኮሮላ በዚያ ብርድ ሲነሳ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፣ ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ ስረግጥ ያስነጥሳል። አዲሱ ገበያ ስደርስ ግን ደህና ይሆናል። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብቻ እንደበራ ይቀራል።

አንድ ጋራዥ ስካነር ሰክተው ፒ0171 የሚል ኮድ አወጡ። «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» አሉኝ፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ማለታቸው ነው። አስቀየርኩ። በ3ኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ብሩ አንገበገበኝ፤ እናንተም እንዳይደርስባችሁ ነው ይህንን የምጽፈው።

ኮዱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞተሩ ውስጥ አየሩ ለነዳጁ ከልኩ በላይ በዝቷል። መካኒኮች «ሊን» የሚሉት ይህንን ነው። ልኩ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ነው። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ አልተበላሸም ነበር። ችላ ከተባለ ደግሞ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይግላል፤ ቫልቭና ፒስተን እስከማቃጠል ይደርሳል።

«ከፍታው ነው» የሚላችሁም አይጠፋም። አትቀበሉ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ባለካርቡራተር መኪና ነዳጅ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ባለኢንጀክተር ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክለዋል።

በስልክ የሚሠራ ትንሽ ስካነር ካላችሁ ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት ፐርሰንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። እስከ 10 ድረስ ብዙ አያሳስብም። የኔ ጠዋት በሚኒሞ 28 ነበር። 2500 ዙር ላይ ሳቆየው ወደ 6 ወረደ። ነገሩን የፈታልኝ ይህ ነው፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው የሚያስገባው አየር ያው ነው፤ በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ጎልቶ ይታያል፣ ዙሩ ሲጨምር ግን በብዙው አየር ውስጥ ይዋጣል። የናንተ ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ጋዝ ስትሰጡ ቁጥሩ የሚጨምር ከሆነ፣ ቀዳዳ ፍለጋ አትድከሙ። ወይ ነዳጁ አይደርስም ወይ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ቆሽሿል።

ፍለጋውን ከጎማ ቱቦዎች ጀምሩ። ከአየር ፊልትሮ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ እጥፋቱን ከፈት እያደረጋችሁ እዩት፤ የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የፒሲቪ ቱቦ (የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው)፣ ከዚያ ወደ ፍሬን የሚሄደው ቱቦ። ፍሬን ስትረግጡ «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ካለና ሚኒሞው ከተለወጠ እዚያ ነው።

የኔ ቱቦዎች ሁሉ ደህና ነበሩ። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የሃይላንድ ክዳን በስቼ ውሃ ይዤ ወጣሁ። የአየር ማኒፎልዱ (አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን መስመር በቀስታ አራስኩት። ሁለተኛው ሲሊንደር ጋ ስደርስ ሞተሩ ትንፋሹን እንደሰበሰበ ሁሉ ድምፁ ተለወጠ። ውሃው ቀዳዳውን ለአፍታ ደፍኖት ነው። የካርቡራተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ ያ ይቀጣጠላል፣ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ አልመክርም። ውሃውንም ከዲናሞና ከሽቦዎች አርቁት። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ፈትሹ የምለው በምክንያት ነው፤ በመገጣጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይዘጋል።

ማኒፎልዱን ሳወርደው የጋስኬቱ ጎማ እንደ ድርቆሽ ደርቆ ተጨፍልቋል። በጣቴ ስጫነው አልተመለሰም።

ቅየራው ከባድ አይደለም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ጋስኬቱ የሚያርፍበትን ገጽ በጨርቅና በፕላስቲክ አጽዱ፤ በካቻቢቴ ከፋቃችሁት ጭረቱ አዲስ ቀዳዳ ይሆናል። ሲሊኮን አትቀቡ። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር እያጠበቃችሁ ሂዱ።

ችግሩ ቀዳዳ ሳይሆን የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ከሆነ ለሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ርጩት፣ ሽቦውን አትንኩ። በአቧራማ ሰፈራችን ቶሎ ይቆሽሻል። ነዳጅ ከሆነ ግፊቱን አስለኩ፤ በኔ ሞተር ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ቀድታችሁ ከነበረ መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮውን ጠርጥሩ። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ ማርሚታም የውጭ አየር እየሳበ የውሸት ሊን ሊያሳይ ይችላል።

የቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መጽሐፉ ከ18 እስከ 21 ኢንች የሚለው ለባሕር ጠረፍ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ጤነኛ ሞተርም ከ10 እስከ 13 ነው የሚያሳየው። ይህንን ሳያውቁ ደህናውን ሞተር የሚፈቱ አሉ።

ኮዱን አጥፍቼ በማግስቱ በዚያው ሰዓት አስነሳሁት። ውርጩ መስታወቱ ላይ ነበር። የፊውል ትሪሙ ቁጥር 4 ላይ ቆመ፣ ሚኒሞው ንቅንቅ አላለም።